ጥቁሯ ቀለበት የማን ናት?

መርሳ ከተማ ስማር የስፖርት መምህራችን አምስቱን የኦሎምፒክ ቀለበቶች ባለቀለም ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ላይ ሣሉልን። ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን ጨረሱ። ጥቁር ጠመኔ ግን የለም። በነጩ ጠመኔ ሁለት ክብ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ሠሩና በመሃል የቀረው ሰሌዳ ጥቁሯ ቀለበት ሆነ። «ይቺ የእኛ ናት፤ አፍሪካ ናት» አሉን። አጨበጨብን።

ይህን እምነት ለዓመታት ይዤው ኖርኩ። መምህሬም ከባዶ አላመጡትም፤ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ እስከ እ.ኤ.አ. 1951 ድረስ ለእያንዳንዱ አህጉር አንድ ቀለም ያድል ነበር። በኋላ ግን የኦሎምፒክ ባንዲራው ነዳፊ እንዲህ ማሰባቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ስለታጣ ክፍፍሉ ከመጽሐፉ ወጣ።

ነዳፊው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርቲን ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1913። ቀለበቶቹን አምስት ያደረጓቸው አምስቱን የዓለም ክፍሎች አስበው ነው። ቀለሞቹን የመረጡት ግን በሌላ ስሌት ነው። አምስቱ ላይ የጨርቁን ነጭ ስትጨምሩበት ስድስት ይሆናል፤ ከእነዚህ ስድስት ቀለሞች የዚያን ዘመን አገሮች ሁሉ ሰንደቅ ዓላማ ሊሠራ ይችላል። የእኛም ሦስቱ እዚያው አሉ፦ አረንጓዴው ከታች በቀኝ፣ ቢጫው ከታች በግራ፣ ቀዩ ከላይ በቀኝ። እኔ አንዲት ጥቁር ቀለበት ይዤ ስኩራራ፣ ሦስቱ ፊት ለፊቴ ነበሩ።

ባንዲራው በይፋ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ፓሪስ ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን እዚሁ በእኛ አህጉር፣ ግብፅ ውስጥ እስክንድርያ ላይ በተደረገ ውድድር ተሰቅሎ ነበር። ይህ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ የ1916ቱ የበርሊን ውድድር ቀረ፤ በኦሎምፒክ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተውለበለበው በ1920 አንትወርፕ ላይ ሆነ።

ያ የአንትወርፕ ባንዲራ ውድድሩ ሲያበቃ ጠፋ። ምትክ ተሰፍቶ ሥራው ቀጠለ። ለካስ በዝላይ ዋና የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው አሜሪካዊው ሃል ሃይግ ፕሪስት፣ ጓደኛው ሲገፋፋው ምሰሶው ላይ ወጥቶ አውርዶት ኖሯል። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ሰማንያ ዓመት አኖረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ፣ በ103 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ መለሰው።

ባንዲራው ሁልጊዜ ሙሉ ቤተሰብ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሲሰቀል ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች አልነበሩም፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ረግጠው ወጥተዋል። ጨርቁ ላይ ጥቁሯ ቀለበት ነበረች፤ ሜዳው ላይ ግን ሯጩ ምሩፅ ይፍጠር አልነበረም።

ሐምሌ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ ሲከፈት በቴሌቪዥን ሳይ አመሸሁ። ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። ስምንት ሰዎች ነጭ ለብሰው ባንዲራውን ዘርግተው ገቡ። አንዱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው! በዚያ ሌሊት አገሬ የያዘችው ቀለበቷን ሳይሆን የጨርቁን ጠርዝ ነበር፤ ደስታዬን እስካሁን አልረሳውም።

በቅርቡ የእህቴን ልጅ ይዤ ወልድያ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ጨዋታ ልናይ ሄድን። ስንመለስ አንድ ቲሸርት ላይ ቀለበቶቹን አይቶ «ጋሼ፣ የእኛ የቷ ናት?» አለኝ።

ቤት ስንደርስ የተራረፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ አወጣሁ፤ አምስቱም ቀለም አለው። ሰማያዊውን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አቆላለፍንና አንጠለጠልነው። ቢጫውን ስፈታው ሰማያዊው ብቻውን ወደቀ። መልሼ አያያዝኩትና ጥቁሯን ፈታሁ፤ ሰንሰለቱ ከሁለት ተከፈለ፣ ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ። ልጁ ጥቁሯን ሽቦ ከእጄ ወሰደና እንደገና አቆላለፋት።