ማገጥ፥ ሥሯና ድርቁ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ ቁልቁል እየወረደ፥ በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላ አልፎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚዘልቀው አገር፥ ክረምቱ ሲገፋ በመስኩና በእርሻው ዳር ማንም ሳይዘራት የምትበቅል፥ ቅጠሏ ሦስት ሦስት የሆነ፥ መስከረም ሲጠባም ነጭና ሐምራዊ አበባ የምታብብ፥ ማገጥ የምትባል ተክል አለች። ከብት ይወዳታል፥ ንብም ይቀስማታል፤ እረኛውም ጤዛው ሳይረግፍ በባዶ ሆዱ ማገጥ የጋጠ በሬ ሆዱ ተነፍቶ እስከ መሞት እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ማልዶ አይለቅባትም። ከሥሯ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ አለ።

አየር ከመቶው 78 እጅ ያህል ናይትሮጅን ሲሆን፥ ጤፍና ገብስ በመካከሉ ቆመው ከእርሱ አንዳች ሊወስዱ ሳይችሉ መሬቱ ሲደኸይ ይቀጭጫሉ፤ ማገጥ ግን እንደ ባቄላ፥ እንደ ሽምብራና እንደ ጓያ ሁሉ፥ ራይዞቢየም የተባሉትን ረቂቃን ተሐዋስያን በሥሯ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቋጠሮዎች አሳድራ፥ እርሷ ከቅጠሏ የሠራችውን ስኳር ስትመግባቸው እነርሱም የአየሩን ናይትሮጅን ለምግብነት ለውጠው ይሰጧታል። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪግል ይህን ምስጢር እ.ኤ.አ. በ1886 ገለጠ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ፥ ማለት የአገራችን ከብት በክፉ ቀን መቅሠፍት በሚያልቅበት ዘመን፥ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ረቂቃኑን ለይቶ አወጣቸው።

ዝናቡ ሰኔ ሚካኤል አልፎ ዘግይቶ ቢገባ፥ ወይም መስቀል ሳይደርስ ቢወጣ፥ ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው የቅጠሉን መጠውለግ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ ከሥር ጀምሯል። በደረቀ አፈር ውስጥ ረቂቃኑ ያንሳሉ፥ የሚገቡባቸው የሥር ፀጉሮችም ይመነምናሉ፤ ቋጠሮው ቀድሞ ተሠርቶ እንደ ሆነም ቆዳው አየር የሚያሳልፍበትን በር ስለሚያጠብ በውስጡ ያሉት ትንፋሽ ያጥራቸዋል፥ የሚመገቡት ስኳርም በሚገባ አይፈጭላቸውም፥ የሠሩትንም ናይትሮጅን ወደ ላይ የሚያደርሰው የውሃ ፍሰት ስለሚደክም ሥራቸው በዚያው ታግዶ ይቀራል። ስለዚህ ማገጥ ገና ለምለም ሆና ለዓይን እየታየች መሬቱን መመገብ ያቆመችበት ጊዜ አለ፤ በእኔ አስተያየት የድርቅን ጉዳት በሣሩ ልምላሜ ብቻ መመዘን ትልቅ ስሕተት ነው።

ጓያ ድርቅን በመቋቋም ልዩ ነው፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፥ ገለባውም ለከብት መኖ ይሆናል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ በድርቅ ሊበዛ ስለሚችል፥ በችግር ዓመት ወራት ሙሉ እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል፤ በዚያው በጎንደር ምድር ደንብያና ፎገራ ይህን በመከራ ያውቁታል።

ጨውም የድርቅ ወንድም ነው፤ ውሃ በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ እንዳይጠጣው ያግዳል፥ ሶዲየሙና ክሎራይዱም ቅጠሉን ይመርዛል። የሚያስደንቀው፥ ከረቂቃኑ ብዙዎቹ ከተክሉ ይልቅ ጨውን መቻላቸው ነው፤ የሚሰናከለው ሁለቱ የሚገናኙበት ሥራ ነውና ቋጠሮው ገና ሲጀመር ይቀራል። ማገጥና ዘመዶቿ ጨውን እምብዛም አይችሉም፤ አልፋልፋ ከእነርሱ ይሻላል፥ ሰስባንያም እንዲሁ። የጋይንት ደጋ ዝናብ ያጠበው አፈር ስለ ሆነ ችግሩ ጨው ሳይሆን ኮምጣጣነት ነው፤ ለዚህም ኖራ አለ። ይሁን እንጂ በአዋሽ ሸለቆ በአሚባራና በመልካ ሰዲ መስኖ ሲለቀቅ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ፥ ፀሐይም ውሃውን ወስዳ ጨዉን ከላይ ትታ፥ ስንት ጥጥ ያበቀለ መሬት ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ መስኖ የሚያስፋፋ ሁሉ ማፋሰሻውን ከቦዩ ጋራ አብሮ ይቆፍር።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ድርቅን በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያዩ፥ ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ናቸው። እንደ ማገጥ ረቂቃኑን የሚያሳድር መኖ ለሚፈልግ፥ ለደጋው ሥሩን ጠልቆ የሚሰድ ትሪ ሉሰርን፥ ለቆላው ላብላብና የርግብ አተር፥ ለእርጥብ ሸለቆው ሰስባንያ ይስማማል። ዘሩም ረቂቃኑን ከያዘው፥ ከሚስማማው ሕያው ማዳበሪያ ጋራ በጥላ ሥር ታሽቶ፥ ፀሐይ ሳያገኘው እርጥበት ባለው አፈር ሊዘራ ይገባል፤ ደረቅ አፈር ረቂቃኑን ይፈጃልና።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ሆይ፥ አንተም የግብርና ባለሙያ ወንድሜ፥ ማገጧ አበባ ስትጀምር አንዷን ከነአፈሯ በአካፋ አንሡ እንጂ አትንቀሏት፥ ስትነቀል ቋጠሮዎቹ ከመሬት ይቀራሉና፤ ከዚያም አፈሩን በውሃ አጥባችሁ አንዱን ቋጠሮ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ደም ቀላ ብሎ ከተገኘ በሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራውን አቁሟልና ለሚመጣው ዓመት የምትዘሩትን የመኖ ዘር ወይም ቦታውን ለውጡ።