ሲቀር የሚፈለግ ተማሪ

ከአዲስ አበባ አሶሳ በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አዲስ ተማሪ ይህን መንገድ ጨርሶ ከአውቶቡስ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በከተማው የሚያውቀው ሰው የለም። ዶርም ይደርሰዋል፤ የካፌ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ስሙም ሬጅስትራር ዘንድ ይመዘገባል። በወረቀት ገብቷል ማለት ነው። ግን ይህ ልጅ ሦስት ቀን ከክፍል ቢቀር «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ?

ተሳትፎና አካታችነት የሚባለው ነገር ሥሩ ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ስለከበደው ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከትምህርቱም ከግቢው ሰዎችም ጋር ሳይተሳሰር የቀረ ተማሪ፣ ውጤቱ ደህና ቢሆን እንኳ፣ ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

አሶሳ ላይ ደግሞ እንግዳው ከሩቅ የመጣው ብቻ አይደለም። አሶሳ የምትገኝበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነባር ብሔረሰቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። በክልሉ የጉባ ወረዳ የገጠር ልጅ ቤቱ ጉሙዝኛ እየተናገረ ያድጋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከክልሉ ሳይወጣ፣ በገዛ አገሩ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ዝም ሲል መምህሩ «አልገባውም» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን መልሱን በሦስተኛ ቋንቋ እየፈለገ ነው። መምህር ጠይቆ ጥቂት ቢታገስ፣ ወይም ተማሪው መጀመሪያ ለጎኑ ጓደኛው በሚቀለው ቋንቋ እንዲያስረዳ ቢፈቅድ፣ ምንም ወጪ የለውም።

ከሩቅ የመጣው ደግሞ ከክፍል ውጭም ስጋት አለበት። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ብዙ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። የዚያን ጊዜውን የወላጅ ጭንቀት ያየ አይረሳውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባለውን ሥራ ጀመረ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ከአንድ የከተማው ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል፤ በዓል ሲሆን ይጠራል፤ ሲታመም ይጠየቃል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለውታል። ይህን ሥራ የምወደው ከእኛው ልማድ ስለተነሣ ነው። የጡት ልጅና አበልጅ ያለው ሕዝብ ባዕድን ዘመድ ማድረግ ማንም አላስተማረውም።

ቤተሰቡ ግን ክፍል ውስጥ አይገባም። ክፍል ውስጥ ያለው የቡድን ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። «ቡድን መሥርቱ» ሲባል የአንድ ቋንቋ ልጆች ይሰባሰባሉ። ከዚያ አንዱ ይሠራል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስተን ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። ተለያይተው የኖሩ ጥቁር፣ ነጭና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይናቆሩ ነበር። እሱም ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ማንም የሌላውን ቁራጭ ከባለቤቱ ካልሰማ ፈተናውን ሊሠራ አይችልም። የተናቀው ልጅ ሲናገር መስማት ግድ ሆነ።

አሶሳ ላሉ መምህራን ለዚህ አሠራር የሚሆን ትምህርት ደጃቸው ላይ አለ። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አንዷ ተማሪ 5,150 ሜጋ ዋቱ ከተርባይን እንዴት እንደሚወጣ ታጥና። ሌላው ግድቡ የሚይዘውን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃና ወንዙ የሚያመጣውን ደለል ይያዝ። ከባሕር ዳር የመጣችው የዓባይን መነሻ ታምጣ። ውኃው ከመተኛቱ በፊት መሬቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ቀርከሃው የት የት እንደነበረ፣ ሰው የት ዓሣ ያጠምድ እንደነበር ግን ከአያቱ ጠይቆ ሊያመጣ የሚችለው የጉባው ልጅ ነው። እሱ እስኪመጣ ሥራው አያልቅም፤ ሌሎቹ ደብተራቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል።