በትንሽ ጀልባ ለሚያጠምድ ሰው የመንጠቆ አመራረጥ

“ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” ይላል የአገራችን ተረት። ሞተሩን አጥፍቶ፥ ነፋስና የውሃው ወራጅ እንደ ወሰደው እየሄደ የሚያጠምድ ሰው ዘንዶ ባያወጣም፥ ክሩን በቋጥኝ አስይዞ ራሱን ከችግር ላይ ሊጥል ይችላል። በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ወጣት በዕረፍት ቀኑ ከወዳጆቹ ጋራ እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ይወጣ ይሆናልና፥ ስለ መንጠቆው አሰናዳድ ጥቂት ብንናገር ከንቱ አይሆንም።

ጀልባውን በመልሕቅ አቁሞ የሚያጠምድ ሰው ዓሣው እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ጀልባውን ለወራጁ የለቀቀ ግን እርሱ ራሱ ወደ ዓሣው ይሄዳል። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መንጠቆው በምን ላይ እንደሚያልፍ አስቀድሞ አለማየቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም የባሕሩ ወለል አሸዋ ነው ወይስ ቋጥኝ? ዓሣውስ የሚበላው ከወለሉ ላይ ነው ወይስ ከፍ ብሎ?

እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለያየው ባሕር በአሸዋው ላይ ፕሌስ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ይኖራል። ለዚህ የሚመረጠው፥ እርሳሱ በዋናው ክር ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት፥ የመንጠቆውም ክር ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ነው። እርሳሱ አሸዋውን እየነካካ ሲጎተት አቧራ የመሰለ ደለል ያስነሣል፤ ዓሣውም ይህን አይቶ ይቀርባል። ከመንጠቆው በላይ ባለ ቀለም ጨሌ የሚሰኩም ብዙዎች ናቸው።

በቋጥኝ ላይ ግን ፖላክ የሚባለው ዓሣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚያድን፥ እርሳሱ ወለሉን እንደ ነካ ክሩን ጥቂት ሜትር መጠቅለል ያስፈልጋል። የመንጠቆው ክር 3 ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ሲወርድ ግን በቀስታ ይውረድ፥ በችኮላ ከተለቀቀ በዋናው ክር ላይ ይጠመጠማልና። ማክሬል ለማጥመድ ላባ የታሰረባቸው መንጠቆዎች በአንድ ክር ይደረደራሉ። ቢሆንም በጠባብ ጀልባ ውስጥ ስድስት መንጠቆ ሲወዛወዝ ከዓሣው ይልቅ እጅን ይይዛልና፥ ሦስት ይበቃል እንላለን።

የእርሳሱ ክብደትም አንድ ሆኖ አይቀርም። ወራጁ በየ6 ሰዓት ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣልና፥ ውሃው ዝግ ሲል የበቃው እርሳስ ውሃው ሲፈጥን አይበቃም። ክሩ ከጀልባው እየራቀ ከወለሉ ከተነሣ እርሳሱ ቀሏል ማለት ነው፤ ከሚገባው በላይ ከከበደ ደግሞ የዓሣው ንክሻ አይሰማም።

ዋናው ምክራችን ግን ይህ ነው። ዋናው ክር 10 ኪሎ የሚችል ቢሆን፥ በቋጥኝ ላይ እርሳሱ 5 ኪሎ ብቻ በሚችል ክር ይታሰር። ቋጥኝ ቢይዘው እርሳሱ ብቻ ተበጥሶ ይቀራል፤ ሰውዬውም ከነመንጠቆው ይተርፋል። መንጠቆው ራሱ ቢያዝ እንኳ ክሩን በእጅ መጠምጠም ፈጽሞ አይገባም። ጀልባው መሄዱን አያቆምምና ክሩ ጣትን ይቆርጣል፤ ቢላዋ አቅርቦ መቁረጥ ይሻላል።

በእንግሊዝ ባሕር ከ27 ሳንቲሜትር የሚያንስ ፕሌስ ወደ ውሃው መመለስ አለበት። እንግዲህ መልካም መንጠቆ የምንለው ብዙ የሚይዘውን ብቻ ሳይሆን፥ መልቀቅ ሲገባው የሚለቀውንም ነው።