ጥፋቱ የልጁ እጅ አልነበረም

ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የገባው ልጄ፣ ከቡታጅራ ለመጣው የእህቱ ልጅ ከመርካቶ የሪሞት መኪና ገዝቶለት መጣ። ደስታው አንድ ቀን አልሞላም። መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ እምቢ አለች፤ ወደ ግራ እየታጠፈች ግድግዳ ትመታለች። ታላላቆቹ «አንተ መንዳት አትችልም» ብለው ሪሞቱን ቀሙት። እኔም «አያያዝህ ነው!» ብዬ ተቆጣሁት። «እማማ፣ እኔ እኮ ወደዚያ አልዞርኩትም» ብሎ አለቀሰ።

በነርስነት ዘመኔ የታመመውን ሳልሰማ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። የልጅ ልጄን ግን ሳልሰማው ፈረድኩበት። ይቅርታ ጠይቄው መኪናዋን አብረን መረመርናት።

መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን አውጥተን ጎማዎቹን በእጃችን አሽከረከርን። የፊት ግራው ጎማ ይይዛል፤ ሥሩ ላይ ጸጉርና ክር ተጠምጥሟል። አንዱ ጎማ ከያዘ መኪና ወደዚያው ወገን ይጎተታል። ክሩን በመርፌ ለቅመን አወጣን።

ቀጥሎ ድንጋዩን መልሰን ሜዳ በሆነ የቤት ወለል ላይ ነዳናት። ኮብልስቶን ለዚህ አይሆንም። አስፋልትም ውኃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ዘመም ተደርጎ ስለሚሠራ ደህናዋንም መኪና ይስባል።

አሁንም ትንሽ ወደ ግራ አለች። ገለበጥናት። በብዙ የልጆች ሪሞት መኪና ሆድ ሥር፣ በፊት ጎማዎቹ መካከል፣ ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ በአንዳንዱ ሪሞቱ ላይ ትገኛለች። ስትነኳት የፊት ጎማዎቹ በጥቂቱ ሲዞሩ ታያላችሁ። መኪናዋ ወደ ግራ ከሳበች፣ ጎማዎቹ ወደ ቀኝ እንዲያዩ በጣም በትንሹ መግፋት፣ መንዳት፣ እንደገና ማየት ነው። ጋራዥ ውስጥ አላይመንት የሚሉት ይኸው ነው። በሦስተኛው ሙከራ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ማስተካከያዋን የነካው እሱ ነው፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ከማየት በቀር አልነካሁም።

አንድ አደራ አለኝ። የድንጋዩን ክዳን ብሎን በካቻቢቴ መልሳችሁ አጥብቁ። በተለይ ሪሞቱ እንደ ሳንቲም ክብ በሆነው ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ሕፃናት እንዳያገኙት። ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ መውረጃውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ልጁ ቡታጅራ ከተመለሰ በኋላ ደወለልኝ። የጎረቤታቸው ልጅ መኪናም ወደ ጎን ትሄድ ኖሯል።

«እማማ፣ እሱም መንዳት ይችላል፤ ጎማው ነው» አለኝ።