ያልተገባበት ጉባኤ

ታኅሣሥና ሰኔ በመጡ ቁጥር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች አስተዳደር ክፍል የሚያገለግል ሰው ጠረጴዛ በሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ይሞላል፤ እኔም በዚህ ሙያ ብዙ ዘመን የቆየሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ ቅጹን ስገልጥ ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በነጥቡ ድምር ላይ ሳይሆን ስለ ሠራተኛው ጠንካራና ደካማ ጎን ራሱም አለቃውም እንዲጽፉባቸው በተተዉት ጥቂት መሥመሮች ላይ ነው። በጠንካራው ጎን ሁሉም አስቀድሞ የተማከረ ይመስል «ሰዓት አክባሪ፣ ታዛዥ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ» ተብሎ ይጻፋል፤ በደካማው ጎን ግን ወይ ሰረዝ ይሰመራል፣ ወይ «የለም» ይባላል፣ ወይም ብልኅ የሆነው «ሥራ ስለሚያበዛ ለጤናው አይጠነቀቅም» የሚል፣ ነቀፋ መስሎ የቀረበ ውዳሴ ያሰፍራል።

የሕጉ አሳብ ይህ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የምዘናውን ዓላማ ሲዘረዝር፣ የሠራተኛውን ጥንካሬና ድክመት ለይቶ የወደፊት ሥራውን ማሻሻልንና የሥልጠና ፍላጎቱን ማወቅን ከሌሎቹ ዓላማዎች ጋር አስቀምጦት ነበር። ዳሩ ግን ያው ውጤት የማበረታቻና የአስተዳደር ውሳኔም መነሻ ስለሚሆን፣ ሠራተኛው ቅጹን የሚያነበው እንደ ክስ ወረቀት ነው፤ በገዛ እጁ ጽፎ በራሱ ላይ ምስክር መሆንን እንደ ሞኝነት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ሐኪሙ በሽተኛውን የማይቀጣው ሲሆን ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት ነገሩ የተበላሸው ድካምን ከጥፋት ጋር በአንድ መዝገብ ስለ ጻፍነው ነው። የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሁለቱን ለይተው ካስቀመጡ ብዙ ዘመን አልፏል። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ ቈጥሮ፣ ዘርፎና አገባቡን አጥንቶ ያስመሰከረ ሊቅ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያልዘለቀ እንደ ሆነ ይህን ከማንም አይሰውርም፤ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄድና በዕድሜ ከሚያንሱት ደቀ መዛሙርት ጋር ተቀምጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዝማሬና መዋሥዕት የቀረው ዙር አባን፣ አቋቋም የቀረው የጎንደር በአታን ደጅ ይጠናል። በዚያ ሲሳሳት መምህሩ እዚያው ቃሉ ላይ ያስቆመዋል እንጂ ስሕተቱን እስከ ዓመት ፍጻሜ አያጠራቅምለትም። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ መጽሐፈ ሊቃውንትንና መጽሐፈ መነኮሳትን አሟልቶ የሚያውቀውን መምህር «አራት ዓይና» ብለው ያከብሩታል፤ አንዱን ጉባኤ ብቻ ያደላደለውንም «የሐዲስ መምህር»፣ «የድጓ መምህር» እያሉ በሙያው ይጠሩታል እንጂ ስለ ቀረው አያሳፍሩትም። እዚያ ድካም ማለት ገና ያልተገባበት ጉባኤ ማለት ነው፤ ወዴት ሄዶ፣ ከማን እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚሟላም ይታወቃል።

ሰው ድካሙን ይሸሽጋል ስንል ኃይሉንስ አጥርቶ ያውቃልን ብለን መጠየቅ ይገባናል። ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ያለ ልፋት የሚከናወንልንን ነገር ሁላችንም ከሥራ አንቈጥረውምና። አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባ ነበረችን፤ የሠራተኛው ስም ገና ሲጠራላት ተነሥታ፣ ከየትኛው መደርደሪያ፣ ከስንተኛው ረድፍ እንደሆነ ሳትፈልግ ፋይሉን ይዛ የምትመለስ። ቅጿ ላይ ግን የአለቃዋ ቃል «ትሑት ናት» የሚል ብቻ ነበር፤ እርሷም ሲያመሰግኗት «ይህ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ትል ነበር። በወሊድ ፈቃድ በወጣች ጊዜ አንድ አዛውንት ለጡረታቸው ማስረጃ ፈልገው ቢመጡ ፋይላቸው ጠፍቶ ብዙ ተመላለሱ። ያን ጊዜ የዚህች ሴት ሀብቷም ጉድለቷም በአንድነት ተገለጡ፤ የመዝገብ ቤቱን ሥርዓት ሁሉ በልቡናዋ ይዛው ኖሮ፣ አንድ ፋይል ሲወጣ ለማን እንደተሰጠ በመዝገቡ ላይ የመጻፍ ልማድ አልነበራትም። ስትመለስ የክፍሉ ኃላፊ አልገሠጿትም፤ ሁለት ጀማሪ ሠራተኞች አጠገቧ አስቀምጠው፣ እርሷ በቃሏ የምታውቀውን እየነገረቻቸው እነርሱ መዝገቡን እንዲያደራጁ አደረጉ። በተከታዩ ምዘና በቅጿ ላይ የሰፈሩት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ «የፋይሎችን አቀማመጥ ጠንቅቃ ታውቃለች» እና «ወጪ ፋይል ትመዘግብ ዘንድ መለማመድ ይቀራታል» የሚሉት፣ በቀደሙት ዓመታት ከተጻፈላት ምስጋና ሁሉ ይልቅ ጠቀሟት፤ ኋላም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለመሆን በቃች።

ሌላው ነገር ዕድገት ራሱ የሚያመጣው ፈተና ነው። ሰው የሚሾመው ትናንት በሠራበት ኃይል ነው፤ አዲሱ ወንበር የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ኃይል ነው። ደብዳቤ በማርቀቅ ወደር ያልነበራቸው አንድ ባልደረባችን የቡድን መሪ በሆኑ ጊዜ፣ ከበታቾቻቸው የሚቀርበውን ረቂቅ ሁሉ ከ«ጉዳዩ» እስከ «ከሠላምታ ጋር» እንደገና ይጽፉት ጀመር፤ ረቂቁ በጠረጴዛቸው ላይ ሲከመር፣ ጸሐፊዎቹም «ለምን እንደክማለን፣ እርሳቸው ይጽፉት የለም!» ብለው እጃቸውን አላሉ። ከእርሳቸው በዕድሜ እጅግ የምታንስ የዕቅድ ክፍል ባለሙያ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል ታሳያቸው ዘንድ ራሳቸው ሄደው ለመኗት። ከዚያ ወዲህ በረቂቁ ኅዳግ ላይ ጉድለቱን ብቻ አመልክተው ለጸሐፊው መመለስን ልማድ አደረጉ፤ ብዕራቸው የበታቾቻቸው መማሪያ ሆነ። ሽበት ይዞ መማር በቅኔው ሊቅ ዘንድ ወግ ሲሆን፣ በቢሮ ግን እንደ ውርደት መቈጠሩ ያሳዝናል።

ራሱን ማወቅ የሚሻ ሠራተኛ እንግዲህ ልቡናውን ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ ልቡና ለባለቤቱ ያደላልና። ይልቁንም «ይስተካከል» ተብሎ የተመለሰለትን ጽሑፍ ሰብስቦ፣ በየጊዜው የሚመለሰው በምን ምክንያት እንደሆነ ይመልከት፤ ሥራው ከእጁ ሲወጣ የሚቀበለውን ሰው፣ ገንዘብ ያዡን ወይም መዝገብ ቤቱን፣ «ከእኔ ዘንድ ሲመጣ ምን ያስቸግርሃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሌሎች እየደጋገሙ እርዳታ የሚጠይቁትም በምን ጉዳይ እንደሆነ ያስተውል፣ መክሊቱ በዚያ በኩል ነውና። ያገኘውን ድካም ደግሞ ይለየው፦ በመማር የሚቃና አለ፤ ጨርሶ የማይሆንልንና ከሚሆንለት ባልደረባ ጋር ሥራ በመካፈል የምንረዳዳበት አለ፤ ማርፈድና ባለጉዳይ ማመናጨቅን የመሰለው ግን የጠባይ ጉድለት ስለሆነ ተግሣጽ እንጂ ሥልጠና አይፈልግም።

የዚህ ሁሉ መሳካት ግን ከሠራተኛው ይልቅ በአለቃው እጅ ያለ ነው። ስለዚህ የመመዘን ሥልጣን የተሰጣችሁ ወገኖቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን አልችልም» ብሎ በቅንነት የነገራችሁን ሰው ስለ ቅንነቱ ነጥብ አትቀንሱበት፤ የሚማርበትን ስፍራና የሚያስተምረውን ሰው ንገሩት። ይህን ያላደረገ አለቃ ሰረዝ የተሰመረበትን ቅጽ እያየ ሠራተኛውን ሐሰተኛ ማለት አይገባውም።