ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ፣ ሱቁ ግን ባዶ፦ የሱቃችንን በር በምን እንቆልፍ?

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ልናወጋችሁ ነው፤ ስለ በር ቁልፍ።

በካኩማ በእኛው ገበያ ሻይና እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እህታችን በቅርቡ ማለዳ ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ ጓጉንቸሩን ማታ እንዳንጠለጠለችው አገኘችው። ቁልፉን አውጥታ ከፈተች፤ በሩንም ገፋች። ውስጥ ስኳር የለም፣ ዱቄት የለም፣ ዘይት የለም፣ ምድጃው እንኳ የለም። ከዕቃው አብዛኛው ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ የመጣ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ዕቁብም የእርሷ ተራ አልነበረም። ሰምተን ልናጽናናት ስንሄድ፣ «እትዬ፣ ቁልፉን ሰበሩት እንዴ?» አልናት። «ኧረ መምህር፣ ቁልፉማ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የተሰበርኩት» አለችን።

ሌባው ጓጉንቸሩን አልነካውም። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት ከእንጨቱ ጋር የያዙትን አራት ቪቶች በካቻቢቴ ፈቶ ገባ፤ ሲወጣ ደግሞ ማንም እንዳይጠረጥር መልሶ አስጠጋቸው። ቪቶቹ በውጭ በኩል፣ በግልጽ የሚታዩ ነበሩ። እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እኛም ከትምህርት ሰዓት ውጭ አናጢዎችንና በያጆችን እየዞርን ጠየቅን፤ ያገኘነውን እነሆ።

ሱቅ ማለት ለእኛ ምን ማለት ነው?

ካኩማ ካምፕ ከተመሠረተ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ባወጣው ጥናት በካምፑና በከተማው ከ2 ሺህ በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ሱቅ ባንክ ቤት ያቆመው አይደለም፤ በዕቁብ፣ በዱቤ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከው ገንዘብ የቆመ ነው። አብዛኞቻችን ኢንሹራንስ የሚባል ነገር የለንም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው ሱቁ ባስገባው ነው። ስለዚህ የሱቅ በር ሲሰበር የሚዘረፈው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የልጆች እራትም ነው።

ከቁልፉ በፊት በሩን እዩ

ያነጋገርናቸው አንድ አንጋፋ አናጢ «ሰዎች ይመጡና ጋሼ ጠንካራ ቁልፍ ንገረን ይሉኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ በሩን አሳዩኝ እላለሁ» አሉን። ልክ ናቸው። ትልቁ ጓጉንቸር በቀጭን ቆርቆሮ በር ላይ ቢንጠለጠል ሌባ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ይገባል። ሌባ ሁልጊዜ የሚፈልገው ደካማውን ቦታ ነውና፣ እናንተም ማታ ሱቃችሁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ እንደ ሌባ ዙሩት፦

አንደኛ፣ መቃኑ። መቃኑ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ላልቶ ከሆነ በዲጂኖ አንድ ጊዜ ሲፈለቀቅ ከነቁልፉ ይወጣል። መቃኑ ወደ ግድግዳው ውስጥ በሚገባ ብረት መያዝ አለበት።

ሁለተኛ፣ ማጠፊያው። በራችሁ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ በውጭ በኩል ይሆናል። ያን ዘንግ መትቶ ማውጣት ለሌባ ቀላል ነው። በያጅ ጫፉን በብየዳ ቢነካው አይወጣም። ወይም በማጠፊያው በኩል፣ በሩ ሲዘጋ መቃኑ ውስጥ የሚገባ አጭር ብረት ይተከል። ያኔ ዘንጉ ቢወጣ እንኳ በሩ አይነቀልም።

ሦስተኛ፣ ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ብረት። እህታችንን ያስዘረፋት ይኸው ነው። ይህን ብረት ስትገዙ፣ ሲታጠፍና ሲቆለፍ የራሱን ቪቶች የሚሸፍን ይሁን። በእንጨት በር ላይ ደግሞ ቪት ብቻ አይበቃም። እንጨቱን በስቶ የሚያልፍ ቡሎን ግቡበት፤ ዳዶውና ሰፊ ሮንዴላው በውስጥ በኩል ይታሰር። የቡሎኑ ራስ ድፍን፣ ካቻቢቴ የማይዘው ይሁን። በሩ ላሜራ ከሆነ ብረቱን በብየዳ ማስያዝ ይሻላል።

አራተኛ፣ ግድግዳውና ጣሪያው። ቆርቆሮው በውጭ በኩል በምስማር የተመታ ከሆነ ምስማሩ ይነቀላል። ምስማሩን በውስጥ በኩል ማጠፍ፣ ከቆርቆሮው በስተኋላም እንጨት ወይም የሽቦ ወንፊት መደርደር ይረዳል። ውድ ዕቃ ግን ከጀርባ ግድግዳ ጋር አታስጠጉ።

ጓጉንቸር እንዴት ይመረጣል?

አሁን ወደ ጓጉንቸሩ እንምጣ። ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቢጫው ናስ፣ ቀለም የተቀባው ቀላጭ ብረት፣ እንዲሁም ከተደራረበ ላሜራ የተሠራው። ናሱ አይዝግም፤ ግን ለመጋዝ ለስላሳ ነው። ቀላጭ ብረቱ ርካሽ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የተደራረበው ላሜራ ለመዶሻ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ዝናብ ሲነካው ይዝጋል።

ከአካሉ ይልቅ ግን ዓይናችሁን ማንጠልጠያው ላይ ጣሉ፤ እንደ ቀስት የታጠፈው ብረት ማለታችን ነው። ሌባ የሚቆርጠው እርሱን ነው። በአካሉ ላይ 40፣ 50 ወይም 60 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የአካሉ ስፋት በሚሊ ሜትር እንጂ የጥንካሬው መጠን አይደለም። ባለ 50ው ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ አካባቢ ውፍረት ያለው ማንጠልጠያ ይዞ ይመጣል፤ ለሱቅ ከዚያ ባይቀጥን ይመረጣል። በእሳት የጠነከረ ብረት መሆኑ በማንጠልጠያው ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የጠነከረ ብረት ተራ የብረት መጋዝ ያንሸራትታል። ጽሑፉ ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አስመስሎ የሚሠራም አለና ከምታውቁት ነጋዴ ግዙ።

ማንጠልጠያው አጭር ይሁን። ቆልፋችሁ ስታዩ በማንጠልጠያውና በበሩ ብረት መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ፣ ዲጂኖም የብረት መቁረጫ መቀስም ይገባበታል። ክፍተት ከሌለ መሣሪያው መያዣ ያጣል። ከቻላችሁም ትከሻው ከፍ ብሎ ማንጠልጠያውን የሚያቅፈውን ዓይነት ፈልጉ። በአውሮፓ ጓጉንቸሮች ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይመደባሉ፤ 6 ከሁሉም የጠነከረው ነው። ይህ ቁጥር በማሸጊያው ላይ ከተገኘ መመልከት ነው።

የጎረቤት ቁልፍ የሚከፍተው ጓጉንቸር

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን እንንገራችሁ። ደብተርና ጠመኔ የምናስቀምጥበትን ሳጥን ርካሽ ጓጉንቸር ገዝተን ቆልፈን ነበር። አንድ ቀን መክፈቻውን ቤት ረስተን ስንጨነቅ፣ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የእኛን ቤት ቁልፍ ልሞክር?» አለን። ከፈተው! ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛ ግን ደነገጥን።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በጓጉንቸሩ ሆድ ውስጥ በሽቦ ጥቅል የሚገፉ ትናንሽ ዘንጎች አሉ። የመክፈቻው ጥርሶች እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ሲያነሱት ይከፈታል። ዘንጎቹ 4 ቢሆኑና እያንዳንዱ 4 ዓይነት ከፍታ ቢኖረው፣ ቢበዛ 4 ጊዜ 4 ጊዜ 4 ጊዜ 4፣ ማለትም 256 ዓይነት መክፈቻ ብቻ ይወጣል። 5 ዘንግ ቢሆን 1,024 ይሆናል። በርካሹ ዘንጎቹ ያንሳሉ፤ አሠራሩም ስለሚላላ፣ ትንሽ የሚለይ መክፈቻ እንኳ ሊዞርበት ይችላል። እንግዲህ በመቶ የሚቆጠር ሱቅ ባለበት ገበያ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ካርቶን ቢገዛ፣ ያንተን ሱቅ የሚከፍት መክፈቻ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መኖሩ አይገርምም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጓጉንቸር አስወጡና የአንዱን መክፈቻ በሌላው ሞክሩ። በመክፈቻው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ከሆነም አትግዙ። ቁጥሩንም ሌላ ሰው እንዳያየው ጻፉና ቤት አስቀምጡ።

መክፈቻው በማን እጅ ነው?

ብዙ ጊዜ ሌባ የሚገባው በሩን ሰብሮ ሳይሆን ከፍቶ ነው። ሱቅ ጠባቂ ልጅ ሥራ ሲለቅ፣ ደህና ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ ጓጉንቸሩን ለውጡ። ይህ ልጁን መጠርጠር አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ እርሱንም ከሐሜት ማዳን ነው። መክፈቻ በምስማር ላይ ሰቅሎ መተው፣ በድንጋይ ሥር መደበቅ ይቅር። ቀን ሱቅ ከፍታችሁ ስትነግዱ ጓጉንቸሩን ክፍቱን በበሩ ላይ አትተዉት፤ ሌባ በሚመስለው ለውጦት ማታ እናንተ ራሳችሁ በእርሱ ጓጉንቸር ልትቆልፉ ትችላላችሁ። ቀን ቀን እዚያው በሩ ላይ ቆልፉት ወይም አስገቡት።

የካኩማ አቧራ ደግሞ የጓጉንቸር ጠላት ነው። ብዙዎቻችን ሲጠነክርብን የምግብ ዘይት እናፈስበታለን። ስህተት ነው፤ ዘይቱ አቧራውን ይይዝና ጭቃ ይሆናል። የእርሳስ ጥቁሩን ፍቃችሁ ዱቄቱን በመክፈቻው ላይ በመቀባት ገባ ወጣ አድርጉት፤ በደንብ ይሠራል። ይህን ማንም ተማሪ ቤት ያለው ሰው ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ብዙ ወንድሞቻችን ሱቃቸው ውስጥ ያድራሉ። ሰው ውስጥ ተኝቶ ከውጭ በጓጉንቸር መቆለፍ በጭራሽ አይገባም። በሳር፣ በእንጨትና በሸራ በተጠጋጋ ገበያ እሳት አንድ ጊዜ ከተነሳ ጊዜ አይሰጥም። ውስጥ የሚያድር ሰው ያለ መክፈቻ፣ በጨለማ፣ በእጁ ብቻ ስቦ የሚከፍተው መቀርቀሪያ ይኑረው። ዕቃ ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ስርቆት ከደረሰ ደግሞ ምንም ነገር ሳትነኩ ጎረቤት አስመስክሩ፣ ለማኅበረሰቡ የሰላምና ጥበቃ ቡድን ንገሩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁም አስመዝግቡና የኦቢ ቁጥር ተቀበሉ። የዕቃችሁን ዝርዝርና የዱቤ ደረሰኝ ቤት ማስቀመጥ ያን ቀን ይጠቅማችኋል።

ደግሞም አንድ ሱቅ ብቻውን ምን ያህል ይቆልፋል? በአንድ መስመር ያሉ ነጋዴዎች ተዋጥተው አንድ ዘበኛ ቢቀጥሩ፣ ከሱቆቹ ፊት መብራት ቢያበሩ፣ ከአሥር ጓጉንቸር ይሻላል። ያቺ እህታችን ዛሬ ሱቋን መልሳ ከፍታለች፤ ጎረቤቶቿ አዋጥተው፣ ጅምላ ነጋዴውም ጊዜ ሰጥቷት ነው። በሩን ያው አናጢ ሠርቶላታል፤ ቡሎኑም ዳዶው በውስጥ ነው። «አሁንስ እንቅልፍ ይወስድሽ ይሆን?» ብለን ብንጠይቃት፣ ሻይ እየቀዳችልን፣ «ግማሹን ሌሊት» አለችን።

ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ ቪቶቹን አንድ ጊዜ እዩአቸው። ቸር ይግጠመን።