«መን»፤ በር የተባለው የቻይና ፊደል

ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ መንገደኛ፥ ጉምና ብርድ ከሚፈራረቁበት ከጣርማ በር ሲደርስ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ተራራውን ሰርስረው ባወጡት ዋሻ ውስጥ ያልፍና፥ ቍልቍል የሚወርደው የቆላ አገር ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያያል። በር በእኛ ቋንቋ የቤት መግቢያ ብቻ ሳይሆን ደጋና ቆላን የሚያገናኝ የተራራ ማለፊያም እንደ ሆነ ሁሉ፥ ቻይናዎችም በጥንት ዘመን የሐር ነጋዴዎች የሚሻገሩበትን የምዕራብ ኬላቸውን «ዩመን»፥ ማለት «የዕንቍ በር» ብለው ሰይመውታል፤ በርእሰ ከተማቸው በቤይጂንግ ያለው ስመ ጥሩው የትያንአንመን አደባባይም ስሙን ያገኘው ከአጠገቡ ከቆመው «የሰማያዊ ሰላም በር» ነው። በሁለቱም ስሞች መጨረሻ የሚሰማው «መን» በር ማለት ነውና፥ የቻይናን ጽሕፈት ለመተዋወቅ ለሚሻ የጣርማ በር ልጅ ከዚህ ፊደል የተሻለ መጀመሪያ አይገኝለትም።

በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ዝርዝራቸው፥ ማለትም 231 ቅርጾችን የለየ ሕፃን፥ ትርጓሜውን የማያውቀውን የግእዝ ቃል እንኳ ማንበብ ይችላል፤ የእኛ ፊደል የሚይዘው ድምፅን ነውና። የቻይና ፊደል ግን እያንዳንዱ ድምፅንም ትርጓሜንም ባንድነት ስለሚሸከም ቍጥሩ እጅግ ይበዛል፤ የቻይና መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መዝገብ 8105 ፊደላት ሲገኙ፥ ከእነዚሁ 3500ው ለዘወትር አገልግሎት የሚፈለጉ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከጥቂት መሠረታውያን ቅርጾች የተወለዱ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፥ አንዱን አጥብቆ ያወቀ የሌሎቹንም ፊት ይለያል።

«መን» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ በዔሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ ሲቀረጽ፥ ትይዩ የቆሙ የሁለት ሳንቃዎች ሥዕል ነበረ፤ በኋላ በ8 ጭረት ሲጻፍ ኖሮ፥ በ1948 ዓ.ም. በተጀመረው ጽሕፈትን የማቅለል ሥርዓት ወደ 3 ጭረት አጠረ፤ በታይዋንና በሆንግ ኮንግ ግን ባለ8 ጭረቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ባለ3 ጭረቱን የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ በስተግራ ከላይ ነጥብ ያሳርፋል፤ ቀጥሎ ከነጥቡ ሥር ቀጥ ያለ ጭረት ወደ ታች ይስባል፤ በመጨረሻም ከነጥቡ በስተቀኝ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይሄድና፥ ብርዑን ሳያነሣ ወደ ታች አጥፎ፥ ከግርጌው ወደ ውስጥ በትንሹ ይቈለምመዋል። የእኛ ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግቶ፥ መስመሩን አስምሮ፥ የመቃ ብርዑን በቀለም እንደሚነክር ሁሉ፥ የቻይና ተማሪም እኩል በተከፈሉ አራት ማዕዘኖች ውስጥ፥ የጭረቱን ቅደም ተከተል ሳያፋልስ፥ እጁ እስኪለምድ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ዓይን የረሳውን ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው እጅ ነውና።

ከዚህ በኋላ ቤተ ዘመዱ ይከተላል። በበሩ መካከል አፍ ሲገባ «መጠየቅ»፥ ጆሮ ሲገባ «መስማት»፥ ልብ ሲገባ «መተከዝ» ይሆናል። ተማሪው ይህን ከበር ቆሞ እንደሚጠይቅ ወይም እንደሚያዳምጥ ሰው አድርጎ ቢያስበው ለማስታወስ ይረዳዋል፤ ዳሩ ግን ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፥ በእነዚህ ሦስቱ በሩ የሚሰጠው ድምፁን ነው፤ ትርጓሜውን የሚያመጣው የገባው አፍ፥ ጆሮ ወይም ልብ ነው። ፀሐይ በበሩ ውስጥ ስትገባ ግን ሁለቱም በትርጓሜ ይተባበራሉ፤ በሳንቃዎች ክፍተት ብርሃን ይታያልና ፊደሉ «መካከል» ማለት ይሆናል፤ ከሌላ ፊደል ጋር ተጣምሮም «ጊዜ» የሚለውን ቃል ይሠራል።

ንባቡም ጥንቃቄ ይሻል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ መዋኘት፥ ሲጠብቅ ግን ተቀዳሚ ማለት እንደ ሆነ፥ «መን»ም ድምፁ እንደ ጥያቄ ሽቅብ ሲወጣ በር፥ ቍልቍል ሲወድቅ ትካዜ ነው፤ ስለዚህ ቅርጹን እንጂ ዜማውን ያልተማረ ሰው ፊደሉን ዐወቀ አይባልም።

በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጅቡቲ ባቡር መሥመር የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። እንግዲህ የአገሬ ወጣት ሆይ፥ በብዛቱ ሳትደነግጥ አንዱን ፊደል አንሣ፤ በሥርዓቱ ጻፈው፥ በዜማው ጥራው፥ በቃል ውስጥ አግባው፤ ይህን ሳትፈጽም ወደ ሁለተኛው አትሻገር።